ውሃ ቀጂው ጎህሩና የራጃ ጉማን ሴን ምሳ

ጎህሩ ውሃ ቀጂ ነበር። አባቱም ውሃ ቀጂ ነበር፣ አያቱም እንደዚያው። በሕንድ ተራሮች መሃል ባለችው በቢርኮት፣ በራጃው ማለት በንጉሡ ቤት፣ ከእነሱ በቀር ውሃ የሚቀዳ የለም። ራጃው ከጫማ ሰፊ እጅ ውሃ አይጠጣም፤ ከሸማኔ አይጠጣም፤ ሩዙን ከሚያበቅልለት አራሽ እጅ እንኳ አይጠጣም። ይረክሳላ! ከውሃ ቀጂ ዘር እጅ ግን ይጠጣል። በቢርኮት ደግሞ ከዚያ ዘር የቀረው የጎህሩ ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ ጎህሩ ጠዋትም ማታም ረጅሙን ዘንግ ትከሻው ላይ ያጋድማል፣ በግራና በቀኝ የናስ ገንቦ ያንጠለጥላል፣ ከወንዙ ተነስቶ ዳገቱን ወደ ራጃው ቤት ይወጣል። ለዚህ ሥራው የተሰጠችው ከወንዙ ዳር ያለች የሩዝ ማሳ ናት። ማሳዋ ትንሽ ናት። እሱም ሚስቱ ማንግሊም ልጆቹም የሚበሉት ከእሷ ነው። ሌላ ምንም የላቸውም።

ቢርኮት አገር ከተባለ እንግዲህ አገር ነው። ጠዋት ከአንዱ ጫፍ የተነሳ ሰው ለምሳ በሌላው ጫፍ ወጥቶ የሰው አገር ገብቷል። ራጃ ጉማን ሴን ግን «ግዛቴ» ሲል አፉ ሙሉ ነው። አንድ ዝሆን ነበረው፣ ሞተ። የዝሆን አዛዡ ግን እስካሁን የዝሆን አዛዥ ነው፤ ጥምጥሙን አሳምሮ ከራጃው በስተቀኝ ይቀመጣል። አንድ መድፍም ነበረው፣ ንብ ገባበት። የመድፍ ሹሙ በየዓመቱ ማር ይቆርጥበታል።

የራጃው ዘመዶች ደግሞ ከእሱ ይብሳሉ። ሞፈር አይነኩም። ሞፈር የነካ፣ ሸክም የተሸከመ ሰው ከክብሩ ወረደ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ጎንበስ ብሎ እጅ አይነሳውም። ስለዚህ ሰው እጅ እንዲነሳቸው ብለው ይራባሉ። ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፣ ጢማቸው ግን በቅቤ ተጠቅልሎ ወደ ላይ ቆሟል። ቅቤውን ቢበሉት ምን ነበረበት ይል ነበር የጎህሩ ታናሽ ወንድም፣ ለህኑ።

ራጃው ሲበላ እንዲህ ነው። መሬቱ በላም እበት ይለቀለቃል። ልቅልቁ ዙሪያውን በዱቄት መስመር ይሰመርበታል። ራጃው ልብሱን በሙሉ አውልቆ፣ ቀበቶውንና ሰይፉን ከመስመሩ ውጭ ትቶ፣ በነጭ ሽርጥ ብቻ መሃል ገብቶ ይቀመጣል። ቆዳ የሚባል ነገር እዚያ አይገባም። ምግቡን የሚያበስለው ከሁሉ ከፍ ካለው ከካህናቱ ዘር የተወለደ ብራህሚን ነው። ከዝቅተኛ ዘር አንድ ሰው የእግሩን ጣት መስመሩ ላይ ቢያሳርፍ ያ ሁሉ ምግብ ለውሻ ነው። ጎህሩ ከመስመሩ ውጭ ገንቦውን ይዞ ይቆማል፤ ራጃው ዋንጫውን ሲዘረጋለት ክንዱን አስረዝሞ ይቀዳለታል። ዕድሜውን ሙሉ የቆመው እዚያ ነው።

የጎህሩ አባት ቱልሱ ግን አንድ ቀን መስመሩን አለፈ። ያኔ ራጃው የአሁኑ ራጃ አባት ነበር። ጉማን ሴን ገና ሕፃን ሆኖ ልቅልቁ ውስጥ እየዳኸ ሳለ የፈላው የምስር ድስት ከምድጃው ተንሸራተተ። ብራህሚኑ «ዋይ!» ብሎ ጮኸና ወደ ኋላ አለ። ቱልሱ ግን አላሰበም፤ ዘለለና ድስቱን በባዶ እጁ ያዘው። ሕፃኑ ዳነ። የቱልሱ እጅ እስኪሞት ድረስ እንደ ተላጠ ግንድ ነበር።

ምን ተፈረደለት መሰላችሁ? ምግቡ ለውሻ ተደፋ፣ ልቅልቁ እንደገና ተለቀለቀ፣ የቱልሱ የሩዝ ማሳ እኩሌታ ተወሰደ። መስመር አልፏላ! ያቺ ጎህሩ የሚበላባት ማሳ እንግዲህ የቀረችው እኩሌታ ናት። ቱልሱ ከዚያ ወዲህ ለልጆቹ የሚላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጣራው ቢወድቅ፣ ቤቱ ቢቃጠል፣ መስመሩን እንዳትረግጡ። ማሳዋን አደራ።»

ጎህሩ አደራውን ያዘ። ለህኑ ግን አልያዘም። ለህኑ አንድ ጊዜ ጨው ሊገዛ ወደ ታች፣ ሲክ የሚባሉት አዲስ አማኞች ወደሚኖሩበት ወደ አናንድፑር ወረደና ከብዙ ጊዜ በኋላ ጨው ሳይዝ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር አየሁ» አለ።

«ጨዉስ?»

«ጨዉን ተወው። መስመር የለም እኮ እዚያ።»

«እንዴት ያለ መስመር?»

«የምግብ መስመር ነዋ። ሁሉም በአንድ ረድፍ መሬት ላይ ቁጭ ይላል። ጫማ ሰፊው በዚህ፣ ብራህሚኑ በዚያ፣ እኔ መሃል።»

ጎህሩ ሳቀ። «ብራህሚኑ ታዲያ ምን አለህ?»

«ቂጣ አቀብለኝ አለኝ።»

ጎህሩ መሳቁን ተወ። በሩን ተመለከተ፣ የሰማ ሰው እንዳለ ብሎ። ለህኑ ብዙም አልቆየም፤ ተመልሶ ወረደ፣ እዚያው ቀረ። እንደ ሲኮቹ ፀጉሩን መቆረጥ ተወ፣ ወደ እምነታቸው የሚያስገባውን በሰይፍ የተማሰለ ጣፋጭ ውሃ ጠጣ፣ ስሙም ለህና ሲንግ ሆነ ተባለ። ወሬው ቢርኮት ሲደርስ የራጃው ካህን ፓንዲት ሺብ ዳት ሆዱን ይዞ ጮኸ። ወንድሙ ከጫማ ሰፊ ጋር የበላ ሰው ውሃው ርኩስ ነው፣ ጎህሩ ከዛሬ ጀምሮ ገንቦ እንዳይነካ አለ። በማግስቱ ፀሐይዋ ወጣች፣ የሚጠጣ ውሃ የለም፤ የሚታጠቡበትም የለም። ዘመዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ወደ ቀትር ሺብ ዳት እንደገና አሰበበትና፣ ጎህሩ አንድ ጊዜ ወንዝ ውስጥ ከጠለቀ ውሃው ንጹህ ነው አለ። ጎህሩ ጠለቀ፣ ከዚያው ገንቦውን ሞልቶ ወጣ።

የተራራ ራጃዎቹ በሲኮቹ የተናደዱት በብዙ ነገር ነው ይባላል። መሬቱ የእኛ ነው ግብር ክፈሉ ይሏቸዋል፣ ሲኮቹ አይከፍሉም። ነጋሪታቸው ይጮህብናል ይላሉ። የጉማን ሴን ንዴት ግን ሌላ ነበር። አንድ ቀን መንገድ ላይ ከፈረሰኛ ጋር ተገናኘ፣ መንገድ ልቀቅ አለው፣ ፈረሰኛው ሳቀና አልፎት ሄደ። ያ ፈረሰኛ በፊት የእሱን ጫማ የሚሰፋ ሰው እንደነበር በኋላ ሰዎች ነገሩት። ጉማን ሴን ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደውም። «ጫማ ሰፊ በፈረስ!» ይላል ምግብ ላይ። «ጫማ ሰፊ በፈረስ!» ይላል ሲታጠብ።

ትልልቆቹ ራጃዎች የሲኮቹን ምሽግ እንክበብ ብለው ሲልኩበት ታዲያ እሱም ዘመዶቹንና ሺብ ዳትን አስከትሎ ዘመተ። ጎህሩም ዘንጉን ይዞ ተከተለ፤ ያለ እሱ ማን ያጠጣዋል?

ማንግሊ እስከ ማሳዋ ዳር ሸኘችው። ሩዙ ዘለላ አውጥቶ ነበር። «የልጆቼ አባት» አለችው፣ «ጀግና ሁን አልልህም። መስመሩን አትርገጥ። አጨዳው ሲደርስ ማሳዋ በእጃችን ትሁን፣ ሌላ አልፈልግም።»

«አልረግጥም» አላት።

ታች ሲደርሱ ከበባው ገና ሳይጀመር ጠብ ተነሳ። ጠቡ ከሲኮቹ ጋር አይደለም። ከተራራው አንድ ወንዝ ወደ ምሽጉ ይወርዳል፤ ሁሉም ራጃ ከላይ በኩል መስፈር ፈለገ። ከታች የሰፈረ ከላይ ያሉት የታጠቡበትን ሊጠጣ ነው።

«እኔ የአንተ ወታደር ቂጡን ያጠበበትን ልጠጣ?» ይላል አንዱ።

«አያቴ ለአያትህ ሴት ልጅ ሰጥቶ ነው ሰው የሆናችሁት፣ ከታች ስፈር!» ይላል ሌላው።

አንዱ ከሌላው በላይ ሊሰፍር ድንኳኑን ነቅሎ ይወጣል፣ የተቀደመው ደግሞ ነቅሎ ከእሱ በላይ ይወጣል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ወንዙን ይዘው ወደ ተራራው ተመለሱ። ከበቡ የሚባሉት ሰዎች ምሽጉ አይታያቸውም። ጉማን ሴን ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ስለሆነ ከሁሉ በላይ ካልሰፈርኩ አለ። ሁሉንም አልፎ፣ ምንጩ አጠገብ ጠባብ ገደል ውስጥ ገብቶ ድንኳኑን ተከለ። ከሌሎቹ ራጃዎች ተነጥሏል፤ ቢጮህ የሚሰማው የለም። ግን ውሃው የመጀመሪያው ነው። «አሁን ሁላቸውም የእኔን እጣቢ ይጠጣሉ» ብሎ ደስ አለው። በዘመቻው ያገኘው ድል ይኸው ነው።

ሲኮቹ ደግሞ ዓይን አላቸው። ከየድንኳኑ ጭስ ሲወጣ ጌቶቹ ልብሳቸውን እያወለቁ መሆኑን አውቀዋል።

ቀትር ላይ ነው። ልቅልቁ ተለቅልቋል፣ መስመሩ ተሰምሯል፣ ጉማን ሴን በሽርጡ መሃል ተቀምጧል። ከፊቱ ሩዝና በእርጎ የተሠራ ሽምብራ አለ። ሺብ ዳት ማዶ ጥላ ስር ተቀምጦ ይጸልያል፣ ወይም ይተኛል። ጎህሩ መስመሩ ዳር ገንቦውን ይዞ ቆሟል። ከገደሉ አፍ የፈረስ ኮቴ ሰማ።

«ጌታዬ፣ ፈረሰኞች!»

ራጃው ጉርሻውን እንደያዘ ቀና አለ። «የማን ፈረሰኞች?»

«ሲኮቹ ናቸው፣ ይነሱ ጌታዬ!»

ቅቤ የተቀቡት ጢሞች ሁሉ ወደ ዳገቱ ሲሮጡ ታዩ። የዝሆን አዛዡ ከፊት ነበር። ሺብ ዳትም ተነስቶ ሮጠ፤ ያን የሚያህል ሆድ ይዞ እንደዚያ የሚሮጥ ሰው ጎህሩ አይቶ አያውቅም።

«ልብሴን! ሰይፌን!» አለ ራጃው። ልብሱ ከነሰይፉ ጎህሩ እግር ስር ነው። የሚያለብሰው ዘመድ ግን ሄዷል።

«ጌታዬ፣ ይዤልዎት ልግባ?» አለ ጎህሩ። «በጀርባዬ አዝዬ ወንዙን ላሻግርዎት። ጫካው ቅርብ ነው።» እግሩን አነሳ።

«አትግባ!» ራጃው ድስቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እንዳትነካኝ! ገና በልቼ አልጨረስኩም!»

«ሊገድሉዎት ነው እኮ!»

«መስመሩ! እግርህን እይ፣ መስመሩ! ሺብ ዳት! አንተ ሺብ ዳት፣ ይህ ሰው ይነካኛል ወይስ አይነካኝም?»

ሺብ ዳት ዳገቱን ጨርሶ ነበር።

ጎህሩ እግሩ አየር ላይ ነው። የአባቱን እጅ አሰበ። ማሳዋን አሰበ፣ ዘለላ ያወጣውን ሩዝ። እግሩን መልሶ ከመስመሩ ውጭ፣ በነበረበት ቦታ አሳረፈ። ገንቦውን ይዞ ቆመ።

ፈረሰኞቹ ደረሱ። ከፊት ያለው ሰማያዊ ጥምጥም ያደረገ ጎልማሳ ነው፣ ፊቱ በፈንጣጣ የተበሳሳ። ከፈረሱ ወረደ፣ ከነጫማው መስመሩን ተሻግሮ ልቅልቁ ላይ ቁጭ አለ፣ ከድስቱ በእጁ ዘግኖ ቀመሰ።

«ጨው በዝቶበታል» አለ። ከዚያ ራጃውን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ሽርጡን፣ የተገለጠውን ሆድ። «አንተ ማን ነህ?»

ጉማን ሴን አፉን ከፈተ። የፀሐይ ልጅ ነኝ ይል የነበረው ሰው፣ የአያቶቹን ስም ሲቆጥር የሚመሽበት ሰው፣ እንዲህ አለ፦

«ወጥ... ወጥ ሠሪ ነኝ።»

«የማን ወጥ ሠሪ?»

«የራጃው። ድሃ ብራህሚን ነኝ ጌታዬ፣ ማሩኝ።»

ጎልማሳው ወደ ጎህሩ ዞረ። «እውነቱን ነው? ወጥ ሠሪ ነው?»

ከኋላ ካሉት ፈረሰኞች አንዱ ለህኑ ነበር። ጢሙ አድጓል፣ ትከሻው ሰፍቷል፤ ጎህሩ ግን በዓይኑ አወቀው። ለህኑም ራጃውን አወቀው። ሁለቱ ወንድማማቾች ተያዩ።

«እኔ ውሃ ቀጂ ነኝ» አለ ጎህሩ። «ስለ ወጥ አላውቅም።»

ለህኑ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ።

«እንግዲያ ሂድ» አለ ጎልማሳው ራጃውን። «ሰይፍ ያልያዘ ሰው አንመታም። ለጌታህ ግን ጨው አታብዛበት።» ሌሎቹንም ጠራቸው፣ ዙሪያውን ተቀምጠው ምሳውን ጨረሱት። ራጃው መስመሩን ወጥቶ በባዶ እግሩ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ ሄደ።

ለህኑ ወንድሙን ወደ ጎን ወሰደው። «ጋሼ፣ ና ከእኛ ጋር።»

«ማንግሊስ? ልጆቹስ? ሩዙ ሊታጨድ ነው።»

«ማሳዋን የሚተውልህ ይመስልሃል? ወጥ ሠሪ ነኝ ሲል ሰምተኸዋል እኮ!»

«መስመሩን አልረገጥኩም» አለ ጎህሩ። «ምን ብሎ ይወስዳታል?»

ለህኑ ጥምጥሙን አስተካከለና «ካልሆነ መንገዱን ታውቀዋለህ» አለው።

ጎህሩ ራጃውን ተራራው ላይ ደረሰበት። ጉማን ሴን እግሩ ደምቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። «ውሃ» አለ። ጎህሩ ቀዳለት። ጠጣና አፉን ጠረገ።

«ምን አየህ?»

«ምንም አላየሁም ጌታዬ።»

«ደህና።»

ቢርኮት እስኪደርሱ ድረስ ወሬው ተሠርቶ አልቋል። ራጃው ሰይፉ እስኪሰበር ተዋግቷል፣ ልብሱ በጦር ተቦጫጭቆ አልቋል። ዘመዶቹ ከኋላ ሆነው ሲከላከሉለት ነበር። እንዲህ ከተዋጋ ታዲያ ለምን ተሸነፈ? የከዳው ሰው ይኖራላ። ችሎት ተቀመጡ፤ የዝሆን አዛዡም በስተቀኝ ተቀመጠ።

«ጌታው ሲከበብ ገንቦ ይዞ ቆሞ አይቷል!» አለ ሺብ ዳት።

«አትግባ ብለውኛል» አለ ጎህሩ። ድምፁ አይሰማም ነበር፤ ድገም አሉት። «ልግባ ብዬ ጠየቅሁ፣ አትግባ፣ መስመሩን እይ አሉኝ።»

«እኔ ነኝ እንደዚያ ያልኩት?» አለ ራጃው ዘመዶቹን እያየ። «አገልጋይ ጌታው ሊሞት ሲል ፈቃድ ይጠይቃል?»

«አይጠይቅም!» አሉ ጢሞቹ።

«ነፍስ አደጋ ላይ ስትሆን መስመር የለም» አለ ሺብ ዳት። «ሕጉ ግልጽ ነው።»

ጎህሩ አንገቱን እንደደፋ «አባቴም የገባው ለነፍስ ነበር» አለ። «የፈላ ድስት ሊወድቅብዎት ሲል ነው ጌታዬ። እርስዎ ላይ። የማሳችን እኩሌታ ያኔ ተወሰደ።»

ራጃው ወደ ሺብ ዳት ዞረ። ሺብ ዳት ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሱ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላው?» አለ ጎህሩ።

«አባትህ ገባ። አንተ አልገባህም። ሁለታችሁም አጥፍታችኋል።»

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ትልቅ ነገር የሰሙ መሰላቸው። ማሳዋ ለቤተ መቅደሱ ተሰጠች፣ ማለት ለሺብ ዳት። ጎህሩ ግን ውሃ መቅዳቱን ይቀጥላል ተባለ፤ የምሕረት ያህል ነው።

ጎህሩ አላለቀሰም፣ አልተሳደበምም። «ዘንጉ የማን ነው ጌታዬ?» ብሎ ጠየቀ።

«የቤቱ ነው» አለ ራጃው።

«ገንቦዎቹስ?»

«እነሱም የቤቱ ናቸው። ደግሞ ልትሰርቅ ነው?»

«አይ። ለማወቅ ነው።» ወጣና ዘንጉን በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ አስደገፈ፣ ገንቦዎቹን ከስሩ አስቀመጠ። ሄደ። ከችሎቱ ውስጥ ነገሩ የገባው አንድም ሰው አልነበረም።

ማንግሊ ማሳዋ ውስጥ አረም ትነቅል ነበር። ፊቱን አይታ ማጭዷን አነሳች።

«መስመሩን ረገጥክ?»

«አልረገጥኩም።»

«ታዲያ?»

«ስላልረገጥኩ።»

ማንግሊ «እነዚህ ሰዎች!» ብላ ምራቋን ተፋች። ገና ግማሹ ያልበሰለውን ሩዝ እያጨደች በነጠላዋ አሰረች፣ የቻለችውን ያህል። የቀረውን ረገጠችው። በዚያው ቀን ልጆቹን ይዘው ቁልቁለቱን ወረዱ።

ታች አናንድፑር ሲደርሱ ጎህሩ ረድፉ መሃል ተቀመጥ ሲባል መሬቱን ማየት ጀመረ። አጎንብሶ፣ ዱቄት እንዳለ ብሎ አፈሩን በእጁ ዳሰሰ። «ምን ጠፋብህ ጋሼ?» አለው ለህኑ። «ምንም» አለና ተቀመጠ፤ ጉልበቱን ሰብስቦ፣ የማንንም ልብስ እንዳይነካ ተጠንቅቆ። በግራው በኩል ያ ፊቱ የተበሳሳው ጎልማሳ ነበር። የበፊት ሥራውን ሲጠይቀው «ጫማ እሰፋ ነበር» አለው። «ለአንድ ራጃም ሰፍቻለሁ። ፊት ለፊት አላየኝም ነበር፣ ሁሌ ልኩን በሰው ነው የሚልክልኝ። እኔም የእግሩን ልክ እንጂ ፊቱን አላውቀውም።»

ጎህሩ ያኔ ነው የሳቀው። ለረጅም ጊዜ ሳቀ፣ ማንግሊ ከሴቶቹ ረድፍ ቀና ብላ እስክታየው ድረስ።

እዚያም ውሃ ይቀዳል፤ ሌላ ሥራ አያውቅም። እሱ ገና ደከመኝ ሳይል ግን ሌላ ሰው ዘንጉን ከትከሻው ይቀበለዋል።

ከቢርኮት የወረደ ጨው ነጋዴ በኋላ እንዳወራው ዘንጉ እስካሁን እዚያው ግድግዳ ላይ ተደግፏል። ወንዙ ከስር ይታያል፣ ድምፁም ይሰማል። ዘመዶቹ አይነኩትም፤ ሸክም የተሸከመን ሰው ማንም እጅ አይነሳውም። ብራህሚኑ ወጥ ሠሪ የተቀጠርኩት ለማብሰል ነው አለ። ሺብ ዳት ወገቡን ያመዋል። ራጃ ጉማን ሴን ጠዋት ጠዋት ሰው እንዳያየው ተጠቅልሎ ወደ ወንዙ ይወርዳል፣ እንደ ከብት ተደፍቶ ይጠጣል፣ ቀና ብሎ ጢሙን ያስተካክላል፣ ዳገቱን ባዶ እጁን ይወጣል። ዘመዶቹም አንድ በአንድ፣ እንዳይተያዩ ተራ ይዘው ይወርዳሉ ይባላል። ከላይ በኩል የሚጠጣው ማን እንደሆነ ግን አሁንም ይጣሉበታል።